ቁጥቋጦ የሚጸድቀው ከታች ነው፦ ስለ ማዛወር ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ቁጥቋጦ ማዛወር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አራት ሰው ላከልኝ። «አንተ አትክልት ትወድ የለ፣ አንብበው» እያሉ። አነበብኩት። ቋንቋው ይጥማል፣ ፎቶዎቹም ያምራሉ። ግን እዚያ የተጻፈውን ሁሉ አንድ በአንድ የፈጸመ ሰው ቁጥቋጦውን በገዛ እጁ ሊቀብረው ይችላል። እኔ ቀብሬ ስለማውቅ ነው ይህን ምላሽ የምጽፈው።

ጽሑፉን ላላያችሁት ምክሩ ባጭሩ ይህ ነው። ከማዛወራችሁ በፊት ቅርንጫፉን እኩሌታ ቁረጡ። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ከታች ጠጠር አንጥፉ፣ ከዚያ በብስባሽና በማዳበሪያ ሙሉት። ችግኙን ከፕላስቲኩ ስታወጡ ሥሩን ፈጽሞ አትንኩ። ቫይታሚን ቢ1 የተበጠበጠበት ውሃ ስጡት። በየቀኑ አጠጡ፣ ከጠወለገ ደግሞ ጨምሩ። በሁለት ሳምንት አዲስ ቅጠል ካወጣ ጸድቋል፣ እፎይ በሉ።

የምስማማበትን አስቀድሜ ልናገር። ጸሐፊው ደመናማ ቀን ምረጡ፣ ካልሆነ ፀሐይ ስትበርድ አዛውሩ ይላሉ። ልክ ናቸው። እኔ የምጨምረው ወቅቱን ብቻ ነው። ዝናብና ደረቅ ወቅት በሚፈራረቁበት አገር ዝናቡ ሲገባ፣ ብርድ በሚበረታበት አገር ደግሞ ተክሉ ቅጠሉን አራግፎ ሲተኛ ወይም ገና ሊነቃ ሲል ይሻላል። አበባ ላይ ያለውን ግን ተዉት፣ ይጨርስ።

ከዚህ በኋላ ስምምነታችን ይቀንሳል።

ከመቁረጡ ልጀምር። የጸሐፊው ሐሳብ ሥሩ ስለሚቀንስ ላዩም ይቀንስ ነው። ሲሰሙት ሚዛን የጠበቀ ይመስላል። ግን ሥርን የሚቀልበው ማን ሆነና? ሥር ራሱ ምግብ አይሠራም። ቅጠል ሠርቶ የሚያወርድለትን ስኳር ነው የሚበላው። በዚያ ላይ «ሥር አብቅል» የሚለው ትእዛዝም የሚመጣው ከላይ ነው። ኦክሲን የሚባለው ሆርሞን በብዛት የሚሠራው በቅርንጫፍ ጫፍና በለጋ ቅጠል ውስጥ ሲሆን፣ ወደ ታች ወርዶ አዲስ ሥር ያስወጣል። ሆላንዳዊው ፍሪትስ ዌንት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ይህን ነገር ያዘው። የአጃ ቡቃያ ጫፍ ቆርጦ አጋር በሚባል ጄሊ መሰል ነገር ላይ አሳረፈው። ከዚያ አጋሩን ብቻ ጫፍ በሌለው ቡቃያ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ቆሞ የነበረው ቡቃያ ማደጉን ቀጠለ። ከጫፉ የወረደ ነገር አለ ማለት ነው።

ጫፉን ሁሉ ስትመለምሉት እንግዲህ ምግብ አብሳዩንም አዛዡንም አንድ ላይ አባረራችሁ። ተክሉ በግንዱ ያጠራቀመውን አውጥቶ መጀመሪያ ቅጠል ለማብቀል ይሯሯጣል። ሥሩ ወረፋ ይጠብቃል። መቀስ አይንካው ማለቴ አይደለም። የደረቀው፣ የተሰበረው፣ እርስ በርሱ የሚፋተገው ይውጣ። አፈሩ ተራግፎ ራቁት ሥር ብቻ ይዞ የቀረ ቁጥቋጦ በሙቀት ከተሸነፈም ትንሽ ማሳሳት ሊያተርፈው ይችላል። ከዚያ በፊት ግን ጥላ ሞክሩ። ሁለት ሦስት እንጨት ተክሎ ስስ ጨርቅ መወጠር ከመቀስ ይልቅ ያግዛል። ጨርቁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይነሣል፣ የተቆረጠው ቅርንጫፍ ግን አይመለስም።

ጸሐፊው ስለ ቅርንጫፍ ይህን ሁሉ ሲሉ፣ ስንቆፍር ስለምናጣው ሥር አንድ መስመር እንኳ አልጻፉም። እኔን ያሳሰበኝ ከተጻፈው ይልቅ ይህ ያልተጻፈው ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም ልበል።

ብዙ ሰው የተክል ሥር ሲባል በዓይነ ሕሊናው የሚመጣለት ዛፉ ተገልብጦ መሬት ውስጥ ሲገባ ነው። ላዩ በሰፋው ልክ ታቹ ይጠልቃል ብሎ ያስባል። ቁጥቋጦ እንዲህ አይደለም። አብዛኛው ሥር ያለው በላይኛው 30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፣ ምክንያቱም አየሩም ምግቡም እዚያ ነው። ወደ ጎን ግን ከቅርንጫፉ ጥላ ወሰን አልፎ ይሄዳል። አካፋ ስትሰኩ ወፍራሙን ሥር ታተርፉ ይሆናል። ውሃ የሚጠጣው ቀጭኑ ሥር ግን ዳር ዳር ላይ ስለሆነ እዚያው ይቀራል። ወፍራሙ ሥር ቧንቧ ነው፤ ቀጭኑ አፍ ነው።

የዚህን ቀጭን ሥር ብዛት ለመገመት አንድ ቁጥር ልስጣችሁ። እ.ኤ.አ. በ1937 ሃዋርድ ዲትመር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በሳጥን ውስጥ ያሳደጋትን የአራት ወር አንዲት የራይ ተክል ሥር አጥቦ ለካ። ራይ ከስንዴ የሚዛመድ ሣር ነው። በዚያች አንዲት ተክል ላይ ወደ 14 ቢሊዮን የሚጠጋ የሥር ጸጉር እንዳለ አሰላ። ቁጥቋጦ ሣር እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ሥራቸውም ይለያያል። ግን ነገሩ ይገባችኋል። የሥር ጸጉር አንድ ሕዋስ ብቻ ነው። ዕድሜው በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት የሚቆጠር ነው፣ ፀሐይና ነፋስ ካገኘው ደግሞ በደቂቃዎች ይደርቃል። ቁጥቋጦውን ነቅላችሁ «ቆይ ስልክ ላንሳ» ብላችሁ ፀሐይ ላይ ስትተዉት የምትገድሉት እሱን ነው። ከላይ ምንም አይታይም። ቅጠሉ ገና አልሰማም።

ስለዚህ አዲሱ ጉድጓድ አስቀድሞ ይቆፈር። እርጥብ ጆንያ አጠገባችሁ ይኑር፣ ሥሩ ከመሬት እንደወጣ ይሸፈን። ከቁጥቋጦው ጋር የምታወጡት አፈር ስፋት ደግሞ በግምት ከግንዱ ውፍረት ከ10 እስከ 12 እጥፍ ይሁን። ግንዱ 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አፈሩ ከዳር ዳር ከ30 እስከ 36 ሴንቲ ሜትር ነው። ከሥሩ ብዙ ግንድ የሚወጣለት ከሆነ አስፍታችሁ ገምቱ። ጊዜ ካላችሁ ከወራት በፊት በዚያው ልክ፣ ትንሽ ጠበብ አድርጋችሁ፣ ዙሪያውን በአካፋ ስንጥቅ አድርጉና ተዉት። በተቆረጠው ጫፍ ላይ አዳዲስ ቀጭን ሥሮች ይወጣሉ። ስትነቅሉት አፉን ይዞ ይመጣል። ይህ ዘዴ የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው፣ ለዚህም ይመስለኛል ጽሑፉ ውስጥ የሌለው።

ወደ ጉድጓዱ ልለፍ። ጥልቅ ይሁን፣ ከታች ጠጠር ይነጠፍ፣ ውሃው እንዲሰርግ። ይህን ምክር ያልሰማ አትክልተኛ ያለ አይመስለኝም። እኔም ለዓመታት ጠጠር ለቅሜአለሁ።

አሁኑኑ ልትሞክሩት የምትችሉት ነገር አለ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሃ እስኪጠግብ ንከሩት። ጠፍጣፋውን በመዳፋችሁ ያዙት፣ ሳትጨምቁት። ትንሽ ያንጠባጥብና ያቆማል። አሁን ጠጠር ላይ አስቀምጡት። ምንም አዲስ ነገር አይፈስም። ውሃው ስፖንጁን ለቆ ጠጠሩ ውስጥ አይገባም። አፈርም እንዲሁ ነው። ደቃቅ ቀዳዳ ያለው ነገር ውሃን አጥብቆ ይይዛል፣ ትልቅ ቀዳዳ ወዳለው ጠጠር የሚለቀው በውሃ ከሞላ በኋላ ነው። ስለዚህ ጠጠሩ ውሃውን አላወረደውም፣ የረጠበውን አፈር ከፍ አድርጎ ወደ ሥሩ አቀረበው እንጂ። ስፖንጁን አቁማችሁ ያዙት እስኪ። እንደገና ያንጠባጥባል። የአፈሩ ቁመት ሲረዝም ታቹ ብቻ ይረጥብና ላዩ ይተነፍሳል። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ከሆነ መፍትሔው አፈሩን ከፍ አድርጎ መደብ መሥራት ነው።

ጥልቀቱም ጉዳት አለው። ከታች የላላ አፈር ከጊዜ በኋላ ይጠቀጠቃል፣ ቁጥቋጦውም አብሮ ይሰምጣል። አንገቱ፣ ማለትም ግንድና ሥር የሚገናኙበት ቦታ፣ ይቀበራል። የጉድጓዱ ጥልቀት ሥሩ ከያዘው አፈር ቁመት አይብለጥ። ወደ ጎን ግን እጅ ሳትሰስቱ ሁለት ሦስት እጥፍ አስፉት፣ ሥሩ የሚሄደው ወደዚያ ነውና። ዋልካ አፈር ከሆነ ደግሞ አካፋው አለስልሶ የለቀለቀውን የጉድጓድ ግድግዳ ጫር ጫር አድርጉት። ያ ግድግዳ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ድስት ይሆናል።

ብስባሽና ማዳበሪያ ሙሉበት የሚለውን ስቃወም አንዳንዱ ሰው ይቀየመኛል። ብስባሽ እንዴት ይጎዳል? ብስባሽ ጥሩ ነው፣ ቦታው ግን ላይ ነው። በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ካርል ዊትኮም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህን ደጋግሞ ፈትኖታል። የጉድጓድ አፈርን በብስባሽና በመሳሰለው ማበልጸግ ተስፋ የተጣለበትን ጥቅም አላስገኘም። ምክንያቱ ብዙም አይከብድም። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው አፈር ከዙሪያው ሲለይ ሥሩ ከምቾቱ መውጣት አይፈልግም። ውሃም ላላ ባለው ውስጥ ይገባና ዙሪያው ጠንካራ ስለሆነ እንደ ገንዳ ይታቆራል። ብስባሹ እየበሰበሰ ሲያልቅ ደግሞ መሬቱ ይወርዳል፣ አንገቱ ይቀበራል። ያንኑ የቆፈራችሁትን አፈር መልሱበት። ብስባሹን ከላይ አልብሱት፣ ትሉና ዝናቡ ያወርዱታል።

የማዳበሪያው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ገና የቆሰለ ሥር ላይ ጨው ማለት ነው። ፎስፈረስ የበዛበት ማዳበሪያ ሥር ያበረታል ተብሎ ይሸጣል፤ ፎስፈረስ ሲበዛ ግን ተክሉ ከፈንገስ ጋር ያለውን ሽርክና ይቀንሳል። ጀርመናዊው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1885 «ማይኮራይዛ»፣ ፈንገስ-ሥር፣ ብሎ የሰየመው ሽርክና ነው ይህ። ፈንገሱ ሥሩ ያልደረሰበት ድረስ ክሩን ዘርግቶ ውሃና ማዕድን ያመጣል፣ ተክሉ ስኳር ይከፍለዋል። ግማሽ ሥሩን ላጣ ቁጥቋጦ ከዚህ የተሻለ ረዳት የለውም። እኛ ደግሞ በማዳበሪያ እናባርረዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ደረስኩ። «ሥሩን አትንኩ።»

ከዓመታት በፊት አንድ ሂቢስከስ ተከልኩ። ፕላስቲኩን በቢላ ሰንጥቄ፣ አፈሩ እንዳይፈርስ እንደ እንቁላል በሁለት እጄ ይዤ አስቀመጥኩት። በራሴ ኮርቼ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት አበባው ጉድ አሰኘ። በሁለተኛው ባለበት ቆመ። በሦስተኛው አንድ ነፋሻ ቀን አጋደለ። ላቃናው ብዬ ሳብ ሳደርገው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ።

መሬት ላይ አስቀምጬ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ መሬት ውስጥ የኖረው ሥር የፕላስቲኩን ቅርጽ እንደያዘ ነበር። ታቹ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ክብ። የፕላስቲኩ የታች እጥፋት ሳይቀር ታትሞበታል። የአውራ ጣቴን ያህል የወፈረ አንድ ሥር ግንዱን ዞሮ ገመድ አስገብቶበታል። ቆዳው ላይ የሰመጠ ሰርጓዳ ነበር። ከጥቅልሉ ወጥተው ወደ ጓሮው አፈር የዘለቁትን ሥሮች ቆጠርኳቸው። አራት ናቸው። ያ ሁሉ አበባ በአራት ሥር ነበር የቆመው።

ሥር ግድግዳ ሲያገኝ ይዞራል። መዞር ከጀመረና እንጨት ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ቢነሣለት እንኳ አይቃናም። እየዞረ ይወፍራል፣ ግንዱም ይወፍራል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ግንዱ ይታነቃል። ስለዚህ ከፕላስቲክ የወጣ ችግኝ ሥሩ ይታይ። በጎማ ውሃ የዳሩን አፈር አጠብ አጠብ አድርጉት። ቀጫጭኖቹ ተጠቅልለው ከሆነ በጣት ፈታ ፈታ አድርጉና ወደ ውጭ አቅኗቸው። ጥቅልሉ እንደ ምንጣፍ ከደደረ በስለታም ቢላ ዙሪያውን 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ሸልቱት፣ ታቹንም ጨምሩ። ልብ ይሰቅላል፣ አውቃለሁ። ግን የተቆረጠ ሥር ከቁርጡ አጠገብ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ እሱም በቀጥታ ወደ አዲሱ አፈር ይሄዳል። ግንዱን የከበበ ወፍራም ሥር ካለ ይቆረጥ። መቁረጡ ግማሽ ሥሩን የሚያሳጣ ከሆነ ችግኙን አለመትከል ይሻላል።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ልሁንና፣ አትንኩ የሚለው ምክር የሚሠራባቸው ተክሎች አሉ። ቡገንቪሊያ ሥሩ ቀጭንና ተሰባሪ ስለሆነ መነካካት አይወድም። ፕላስቲኩን ሰንጥቆ ቀስ ብሎ ማሳረፍ ነው። ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ቁጥቋጦም አፈሩ ባይራገፍ ይሻላል። ስህተቱ ለሁሉም አንድ ሕግ ማውጣቱ ላይ ነው።

ሥሩን ካያችሁት አይቀር ጤናውንም እዩ። ጤነኛ ሥር ስትጫኑት ጠንከር ይላል፣ ጫፉ ነጭ ወይም ክሬም መልክ ነው፣ ሽታው የዝናብ መሬት ሽታ ነው። የታመመው ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ይልመጠመጣል። በሁለት ጣት ይዛችሁ ስትስቡት ልጡ እንደ ካልሲ ይወልቅና መሐሉ ላይ ቀጭን ክር ይቀራል። እንዲህ ያለ ችግኝ ቅጠሉ የፈለገውን ያህል ቢያብረቀርቅ አትግዙት፣ በስጦታም አትቀበሉት። አንዳንድ ሥር በተፈጥሮው ቀለሙ ጠቆር ያለ ስለሆነ በቀለም ብቻ አትፍረዱ። ጣትና አፍንጫም ይመስክሩ።

ቫይታሚን ቢ1 ላይ ብዙ አልቆይም። ወሬው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በካሊፎርኒያ ጄምስ ቦነር ከሠራው ሙከራ ነው። ከተክሉ ተቆርጦ በብርጭቆ ውስጥ የሚያድግ የአተር ሥር ጫፍ ቢ1 ሲጨመርለት አደገ። እውነት ነው። ነገር ግን ሙሉ ተክል ቢ1ን በቅጠሉ ሠርቶ ለሥሩ ይልካል። ቦነር ራሱ በኋላ በሙሉ ተክሎች ላይ ሲፈትነው ጥቅም አላገኘበትም። ጠርሙሱ ግን እስከ ዛሬ ይሸጣል።

ውሃ። በተከላው ቀን አፈሩ ከሥሩ ጋር እንዲጣበቅ በደንብ ይጠጣ፣ በዚህ ጸብ የለንም። አፈሩን በእግር መርገጥም አያስፈልግም፣ ውሃው ራሱ ይጠቀጥቀዋል። ጸቡ «ከጠወለገ ጨምሩ» የሚለው ላይ ነው። ተክል የሚጠወልገው ውሃ ስላጣ ብቻ አይደለም፤ ሥሩ መጠጣት ሲያቅተውም ይጠወልጋል። አፈሩ በውሃ ሲሞላ አየር ይጠፋል፣ ሥሩ ይታፈናል፣ ይበሰብሳል። ከላይ ሲታይ ጥማትና መስጠም መልካቸው አንድ ነው። አንቶን ደ ባሪ እ.ኤ.አ. በ1876 ፋይቶፍቶራ፣ «ተክል አጥፊ»፣ ብሎ የሰየመው ተሕዋስ ደግሞ ዘሩ ውሃ በሞላው አፈር ውስጥ እየዋኘ ነው ሥር የሚፈልገው። ለጠወለገው ሁሉ ባልዲ የምታነሡ ከሆነ የመዋኛ ገንዳውን ያዘጋጃችሁለት እናንተ ናችሁ።

ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ስደዱ። እርጥብ ከሆነ ተዉት። እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ከፕላስቲክ የመጣ ችግኝ የያዘው አፈር ቀላል ስለሆነ ዙሪያው እርጥብ ሆኖ ሳለ እሱ ክው ብሎ ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ ጣቱ የሚገባው ዳር ላይ ሳይሆን ግንዱ አጠገብ፣ ሥሩ ያለበት ቦታ ነው። ከላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ካለበሳችሁት ባልዲ የማንሣቱ ድካም ይቀንሳል። ግንዱን ግን አይንካው።

የሁለት ሳምንቱ እፎይታ ቀረ። አዲስ ቅጠል ወጣ፣ ስለዚህ ጸደቀ። የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ የገባ የጽጌረዳ ዘንግ አይታችሁ አታውቁም? ሥር የለውም፣ እምቡጡ ግን ይፈነዳል፣ ለጋ ቅጠልም አንዳንዴ ያወጣል። ያጠራቀመውን እየበላ ነው። የተዛወረ ቁጥቋጦም የመጀመሪያውን ቅጠል ከቁጠባው ሊያወጣ ይችላል። የሥሩን ወሬ የምትሰሙት ቁጠባው ሲያልቅና የመጀመሪያው ደረቅ ወቅት ሲመጣ ነው። ለአብዛኛው ቁጥቋጦ በአዲሱ ቦታ መደላደል ቢያንስ አንድ ዓመት ይወስዳል፣ ትልቅ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። እስከዚያ ጣታችሁን ከአፈሩ አታርቁ።

አንድ ነገር ለጸሐፊው። የጽሑፍዎ የመጨረሻ ፎቶ ላይ ያለው ጽጌረዳ ዙሪያውን አፈር እንደ ጉብታ ተቆልሎበታል፣ ግንዱ ከመሬት ሲወጣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ነው። ከታች ሰፋ የሚለው አንገቱ አይታይም። ጊዜ ካለዎት ዛሬውኑ አፈሩን በእጅዎ ቀስ አድርገው ይጥረጉለት፣ የመጀመሪያዎቹ ሥሮች ሲገለጡ ያቁሙ። ግንዱን የዞረ ሥር ካገኙ ፎቶውን ይላኩልኝ፣ የትኛውን መቁረጥ እንደሚሻል አብረን እናየዋለን።